ጭቃውና ስሌቱ፦ የምርት ንድፍ በእጅና በኮምፒዩተር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1955 በፓሪስ ከተማ በተከፈተው የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ላይ የሲትሮየን ኩባንያ «ዲ ኤስ 19» የተሰኘች አዲስ መኪና ለሕዝብ አቀረበ። በዚያኑ ዕለት ብቻ 12,000 ያህል የግዢ ትእዛዝ ተመዘገበ። መኪናዋ በጊዜው በየመንገዱ ይታዩ ከነበሩት ሁሉ የተለየች ነበረች። ኮፈኗ ዝቅ ብሎ ወደፊት የሾለ፣ ጣሪያዋ ቀጭን፣ የኋላ ጎማዎቿ በፓራፋንጎ የተሸፈኑ፣ መላ አካሏም ከፊት ሰፍቶ ወደኋላ እየጠበበ የሚሄድ ነበር። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ለዚህች መኪና አንድ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ሰጥቷታል፤ በዚያም መኪናን የዘመኑ ታላቅ የፈጠራ ሥራ አድርጎ በመመልከት ከጎቲክ ካቴድራሎች ጋር አነጻጽሯል።

አንድ የፋብሪካ ምርት የሐያሲን ብዕር እስከ መሳብ ከደረሰ፣ በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ላይ የሚነሣው ጥያቄ በእርሱም ላይ ሊነሣ ይገባል። ይህ ቅርጽ ከማን እጅ ወጣ? በምንስ መሣሪያ ተወለደ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከወንበር እስከ ማንኪያ፣ ከስልክ እስከ አውቶቡስ የሚወጣው የፋብሪካ ምርት ንድፍ ከሞላ ጎደል በኮምፒዩተር የሚያልፍ በመሆኑ፣ በአንድ ወገን «ኮምፒዩተር የእጅን ጥበብ ገደለ» የሚሉ፣ በሌላው ወገን ደግሞ «እጅ ዘመኑ ያለፈበት መሣሪያ ነው» የሚሉ ይሰማሉ። የሁለቱም ወገኖች አስተያየት መሣሪያው የቆመለትን ተግባር ሳይመረምር የሚሰነዘር በመሆኑ ከእውነቱ የራቀ ነው። ነገሩን ለማጥራት ከመኪና ቅርጽ ንድፍ ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል፤ ጭቃውም ስሌቱም በአንድ ሙያ፣ እንዲያውም በአንድ ኩባንያ ጣሪያ ሥር ተገናኝተዋልና።

የቀራፂው እጅ

የዲ ኤስን ውጫዊ ቅርጽ ያወጣው ፍላሚኒዮ ቤርቶኒ በ1903 በኢጣሊያ በቫሬዜ አካባቢ የተወለደ ቀራፂ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1932 ወደ ሲትሮየን ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1964 ድረስ ባገለገለበት ጊዜ የ1934ቱን ትራክሲዮን አቫን፣ የ1948ቱን ዱ ሽቮ፣ የ1955ቱን ዲ ኤስ እና የ1961ዱን አሚ 6 ቅርጽ ሰጥቷቸዋል። ትራክሲዮን አቫንን ሲሠራ በንድፍ ሰሌዳ ላይ መስመር ከማስመር ይልቅ ፕላስቲሊን በሚባለው የቅርጽ ጭቃ አካሉን እንደ ሐውልት አበጀው። በአሜሪካም ቢሆን ሃርሊ ኧርል በ1927 በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ውስጥ የኪነ ጥበብና የቀለም ክፍልን መምራት ሲጀምር ጭቃን የመኪና ንድፍ ዋና መሣሪያ አድርጎት ነበር። ከዚያ በፊት የመኪና አካል ሥራ በአብዛኛው ከሠረገላ ሠሪዎች የተወረሰ፣ በእንጨትና በተቀጠቀጠ ላሜራ የሚከናወን ሙያ ነበር።

እንግዲህ ጭቃ ለንድፍ አውጪው የሚሰጠው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ብርሃንን ይሰጠዋል። የመኪና ላሜራ ውበት በዳር መስመሩ ብቻ አይለካም፤ ተመልካቹ በጎኑ ሲራመድ ብርሃኑ በገጹ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ጭምር ነው። ዓይን በቀጥታ ሊለየው የማይችለው አነስተኛ ስርጉድ እንኳ ነጸብራቁን ይሰብረዋል። በዚህ ምክንያት የጭቃ ሠራተኞች ቅርጹን ከጨረሱ በኋላ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አልብሰውት በዙሪያው እየተዘዋወሩ ያነቡታል። በሁለተኛ ደረጃ ልክን ይሰጠዋል። በስክሪን ላይ መኪና የመዳፍ ያህል ናት፤ ባለሙሉ ልክ የጭቃ ቅርጽ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ኮፈኑ ከወገቡ በላይ ይሁን በታች፣ ጣሪያው ከዓይኑ ጋር ይተካከል አይተካከል በገዛ አካሉ ያውቀዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም በላይ፣ እምቢታን ይሰጠዋል። ጭቃ በአንድ ጊዜ አይታዘዝም። ሲፋቅ ያልታሰበ ነገር ያሳያል፤ ሲጨመርበት ይከብዳል፤ የጠፋው ክፍል በአንድ ቁልፍ ተጭኖ አይመለስም። እጁ በሚዘገይበት በዚያ ሰዓት ውስጥ አእምሮ ያላሰበውን ያስባል።

ይሁን እንጂ የቤርቶኒ ሥራ የቀራፂ ምኞት ብቻ ውጤት ተደርጎ መታየት የለበትም። የመኪናዋን አወቃቀር የመራው ኢንጂነር አንድሬ ለፌቭር ክብደቱ ወደፊት እንዲያዘነብል በማድረጉ በፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.50 ሜትር ሲሆን በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው 1.30 ሜትር ብቻ ነው። ጅራቷ የጠበበው ለውበት ሲባል ብቻ አልነበረም፤ የሜካኒክ ግዴታ ነበር። የቤርቶኒ ጥበብ ይህን ግዴታ ከመደበቅ ይልቅ ወደ ቅርጽ ቋንቋ መለወጡ ላይ ነው። ሌላ ደካማ ንድፍ አውጪ የኋላውን ጥበት በተጨማሪ ላሜራ አስፍቶ ሊሸሽገው ይችል ነበር። እርሱ ግን መላው አካል ከሰፊ ግንባር ተነሥቶ ወደ ቀጭን ጅራት እንዲፈስ አደረገው። የኋላው ፓራፋንጎም ጎማውን ሸፍኖት ሲታይ የማይፈታ ቢመስልም፣ የተያዘው በአንድ ቡሎን ብቻ ስለሆነ ጎማ ለመቀየር ያንኑ አንድ ቡሎን መፍታት ይበቃል። ከመንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማ የሚቀይረው ሰው በንድፉ ውስጥ ታስቧል ማለት ነው። የዲ ኤስ ውበት ዘላቂ የሆነው በዚህ ነው፤ እስከ 1975 ድረስ ለ20 ዓመታት ያህል ተመርታ ቁጥሯ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ መድረሱም ያለ ምክንያት አይደለም።

የኢንጂነሩ ጥምዝ መስመር

ሆኖም ጭቃ ብቻውን መኪና አይሆንም። ከቀራፂው ክፍል የወጣው ቅርጽ ላሜራ ወደሚጨፈልቀው የብረት ስታምፖ እስኪሸጋገር ድረስ በብዙ እጆች ማለፍ ነበረበት። በመጀመሪያ የጭቃው ገጽ በየክፍሉ ይለካል። ቀጥሎ ንድፍ ሠራተኞች መለኪያውን በባለሙሉ ልክ ወረቀት ላይ ያሰፍሩታል፤ ለዚህም ከመርከብ ሠሪዎች የተወረሰውን፣ በከባድ የእርሳስ ብረት ቁራጮች እየተያዘ የሚለመጠውን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይጠቀማሉ። ከዚያም ከእንጨት ወይም ከጄሶ ዋና አብነት ይሠራል። በመጨረሻ ያንን አብነት እየዳሰሰ የሚገለብጥ መቁረጫ ማሽን ስታምፖውን ያወጣል። በእያንዳንዱ ሽግግር ትንሽ ነገር ይለወጣል። ንድፍ ሠራተኛው «ይህ ጉብታ የቀራፂው ስህተት ነው» ብሎ ያስተካክለዋል፤ አብነት ሠሪው በበኩሉ ሌላ ያስተካክላል። ዕቃው ተጠናቆ ሲወጣ በር ከአካሉ ጋር አልገጥም ቢል፣ ጥፋቱ ከማን እንደሆነ የሚፈርድ አንድም የማያከራክር ማስረጃ አልነበረም። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ወረቀቱ በእርጥበት ተስቧል፣ አብነቱ በእጅ ተነካክቷል።

ኮምፒዩተር ወደ መኪና ንድፍ የገባው ይህን ክርክር ለመፍታት ነው። አስገራሚው ነገር ከቀዳሚዎቹ ሥራዎች አንዱ የተሠራው በዚያው የቤርቶኒ ጭቃ በነገሠበት በሲትሮየን ቤት መሆኑ ነው። በ1958 ኩባንያውን የተቀላቀለው የሂሳብ ሊቅ ፖል ደ ካስቴልዦ፣ ዲ ኤስ ለሕዝብ በቀረበች በ4ኛው ዓመት፣ በ1959፣ ማንኛውንም የተጠማዘዘ ገጽ በቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል ዘዴ አገኘ። ኩባንያው ግን ሥራውን በምስጢር ስለያዘው ዓለም የሰማው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በተፎካካሪው በሬኖ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኢንጂነር ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራሱን ችሎ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰና ሥራውን ስላሳተመ ጥምዙ በእርሱ ስም ተጠራ። የቤዚዬ «ዩኒሰርፍ» የተሰኘው ሥርዓት በ1968 በሥራ ላይ ዋለ።

የዘዴው አሠራር ለሥነ ጥበብ ሰው ባዕድ አይደለም። በወረቀት ላይ አራት ነጥቦች ይቀመጡ። ጥምዙ ከመጀመሪያው ነጥብ ተነሥቶ በአራተኛው ያርፋል። በመካከል ያሉትን ሁለቱን ግን አይነካቸውም፤ እንደ ማግኔት ወደ ራሳቸው ይስቡታል እንጂ። ሁለተኛው ነጥብ ሲገፋ መስመሩ ይለጠጣል፣ ሦስተኛው ሲሳብ ይጎብጣል። ቀመሩን የማያውቅ ንድፍ ሠራተኛም ነጥቦቹን እያንቀሳቀሰ ጥምዙን እንደ ወደደ ሊያበጀው ይችላል። ይህም በመሠረቱ የዚያ የሚለመጥ የእንጨት ዘንግ የሂሳብ ልጅ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ዘንጉ ከወረቀቱ ሲነሣ ጥምዙ በመስመር ብቻ ይቀራል፣ የቤዚዬ ጥምዝ ግን የአራት ነጥቦቹ ቁጥሮች እስካሉ ድረስ በፓሪስም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ዛሬም ሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ሆኖ ይገኛል።

የፍለጋ መሣሪያና የአደራ መሣሪያ

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ግልጽ ሆኖ ይወጣል። የቤርቶኒ ጭቃ የፍለጋ መሣሪያ ነበር፤ ገና ያልታወቀውን ቅርጽ ለማግኘት ያገለግላል። የደ ካስቴልዦና የቤዚዬ ስሌት ግን በተፈጠረበት ጊዜ በዋነኛነት የአደራ መሣሪያ ነበር፤ የተገኘውን ቅርጽ ሳይሸራርፍ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ለማድረስ የቆመ ነው። «አደራ ጥብቅ ነው» እንዲሉ፣ ኮምፒዩተሩ የቀራፂውን ውሳኔ ከተርጓሚዎች ስህተት ጠበቀለት። በዚህ ረገድ ስሌቱ የኪነ ጥበብ ጠላት ሳይሆን ታማኝ አገልጋዩ ነበር ማለት ይቻላል።

ችግር የሚነሣው የአደራ መሣሪያ የፍለጋ መሣሪያ መስሎ ሲታይ ነው። የዛሬው የንድፍ ፕሮግራም ገና ሥራው ሲጀመር፣ ሐሳቡ ያልበሰለ ሆኖ ሳለ፣ ያለቀ የሚመስል ሥዕል ያቀርባል። ጠርዙ ይስተካከላል፣ ቀለሙ ያበራል፣ ጥላው ይወድቃል። በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት «እኔ ገና ጥያቄ ነኝ» ይላል፤ ስክሪኑ ግን «እኔ መልስ ነኝ» ይላል። ያለቀ መስሎ የታየውን ነገር ለማፍረስ ደግሞ ንድፍ አውጪውም፣ አለቃውም፣ ገዢውም ይሳሳሉ።

ይህ ዝንባሌ የስሜት ብቻ አለመሆኑን የሚያመለክት ጥናት አለ። በ1991 ዴቪድ ጃንሰንና ስቲቨን ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ንድፍ አውጪዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው አንዳንድ ዕቃዎች እንዲነድፉ ጠየቋቸው። ከዕቃዎቹ አንዱ የማይፈስ የቡና ኩባያ ነበር። ለአንደኛው ቡድን አንድ ምሳሌ አሳዩት፤ ምሳሌው ሆነ ተብሎ ጉድለት ያለበት፣ በመመሪያው የተከለከለውን የመጠጫ ቀሰም የያዘ ነበር። ምሳሌውን ያዩት ሰዎች ክልከላው በግልጽ እየተነገራቸው እንኳ የምሳሌውን ጉድለት በገዛ ንድፋቸው ውስጥ ደገሙት። ጥናቱ ስለ ኮምፒዩተር የተደረገ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም መሣሪያ ይሠራል፤ ገና በጠዋቱ ያለቀ ምስል ፊቱ የተቀመጠበት አእምሮ ከዚያ ምስል ለመውጣት ይቸገራል። ኮምፒዩተር ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለየው ይህን ያለቀ ምስል ፈጥኖና አብዝቶ ማቅረብ በመቻሉ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመሣሪያው ዝንባሌ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ቀላል የሚያደርገው ነገር አለ፣ ከባድ የሚያደርገውም አለ። የንድፍ ፕሮግራም አንድን ጎን ገልብጦ ሌላውን ጎን ማውጣት፣ ጠርዝን ሁሉ በአንድ ልክ ማክበብ፣ አንድን ቅርጽ እየደጋገመ መደርደር በቅጽበት ይችላል። ስለዚህ ሰነፍ ንድፍ አውጪ ሳያውቀው ፕሮግራሙ የሚወደውን ይሠራል። ጎንና ጎኑ ፍጹም አንድ የሆነ፣ ጠርዙ ሁሉ በእኩል የከበበ፣ እጅ ሲይዘው ግን የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ያልታሰበበት ዕቃ በየሱቁ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በየከተማው የሚታዩት መኪናዎች እርስ በርስ መመሳሰላቸው ብዙ ጊዜ ይወሳል። ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒዩተር ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም፤ የነፋስ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፣ የደኅንነት ደንብም ለሁሉም አንድ ነው፣ የማምረቻ ወጪን ለመቀነስ ብዙ ሞዴሎች በአንድ መሠረት ላይ ይገነባሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ግዴታዎች በቤርቶኒም ላይ በሌላ መልክ ነበሩ። የጎደለው ግዴታውን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ዘገምተኛ ፍለጋ ነው።

እጅም ልማድ አለው

ይህ ሲባል እጅን ማምለክ አይገባም። እጅም የራሱ ሰንሰለት አለው። የተካነ ባለ እጅ ጣቱ የለመደውን ደጋግሞ የመሥራት አደጋ ሁልጊዜ ያንዣብብበታል። ያ የሚለመጥ የእንጨት ዘንግ እንኳ ነጻ አልነበረም፤ እንጨቱ በተፈጥሮው ሊጎብጥ የሚችለውን ያህል ብቻ እየጎበጠ፣ ለብዙ ትውልድ የመርከብንና የመኪናን መስመር ወስኗል። እጅ ሊደርስበት የማይችል ቅርጽም አለ። በ2015 መጨረሻ የኤርባስ ኩባንያ ከአንድ የንድፍ ፕሮግራም አምራች ጋር በመተባበር ያቀረበው የአውሮፕላን ውስጥ መለያ ግድግዳ ለዚህ አብነት ይሆናል። ግድግዳው መሸከም ያለበት ኃይል ለኮምፒዩተሩ ከተነገረው በኋላ፣ ከአጥንት አስተዳደግና ከአንድ ዓይነት ሻጋታ መሰል ፍጡር አዘረጋግ በተወሰደ ስሌት ብዙ አማራጮችን ፈጥሮ መረመረ። የተገኘው ድር መሰል ግድግዳ ከቀድሞው በ45 በመቶ ያህል የቀለለ ነበር። ያንን ውስብስብ መረብ ማንም ንድፍ አውጪ በእርሳስ ጀምሮ አይደርስበትም። እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ በእውነት የፍለጋ መሣሪያ ሆኗል፤ ምክንያቱም የተጠየቀው ያለቀ ሥዕል እንዲያሳይ ሳይሆን ያልታወቀውን እንዲያስስ ነው።

በአንጻሩ የእንግሊዛዊው የጄምስ ዳይሰን ሥራ የእጅን የፍለጋ ኃይል ያሳያል። ዳይሰን ከረጢት የሌለው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ለመሥራት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በካርቶንና በስኮች ነበር። ከዚያ በኋላ በ5 ዓመት ገደማ 5,127 ሞዴሎችን ሠርቶ ሞከረ። ከሞዴል ወደ ሞዴል ትንሽ በትንሽ እየለወጠ፣ ለውጡ የሚያመጣውን ውጤት በእጁና በዓይኑ ይለካ ነበር። ከአምስት ሺህ በላይ የሆኑት ያልተሳኩ ሞዴሎች ለአንዱ የተሳካ ሞዴል የተከፈለ የትምህርት ዋጋ ናቸው። ዛሬ የአየርን ሽክርክሪት በኮምፒዩተር አስልቶ ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹን ማሳጠር እንደሚቻል ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት ያወቀው ሰው ካርቶን የቆረጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ፍርዱ በመሣሪያው ዓይነት ላይ ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ላይ መውደቅ አለበት። በዘመኑ የመኪና ንድፍ ክፍሎች ያለው ልምድ ይህንኑ ያረጋግጣል። ንድፉ በወረቀት ወይም በስክሪን ይጀመራል። ከኮምፒዩተሩ ቁጥር የተቀበለ መቁረጫ ማሽን በአረፋ አጥንት ላይ የተለበጠውን፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ የሚለሰልሰውን ጭቃ ፍቆ ግምታዊውን ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ የጭቃ ሠራተኞች በመፋቂያ ብረትና በመዳፋቸው ያርሙታል። የታረመው ገጽ በስካነር ተነብቦ ወደ ኮምፒዩተር ይመለሳል። ዙሩ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ኮምፒዩተር በነገሠበት ዘመን ብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች የጭቃ ክፍላቸውን ያልዘጉት ለናፍቆት ሲሉ አይደለም፤ በዙሩ ውስጥ አንድ የማይተካ ዳኛ፣ ማለትም ባለሙሉ ልክ ቅርጽ አጠገብ የቆመ የሰው አካል፣ አስፈላጊ ሆኖ ስላገኙት ነው።

እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍል ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የጭቃ ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በመጽሔት ላይ አይወጣም፤ ሥዕሉን የሣለው ሰው ስም ይወጣል። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የማይታየውን መቶ ውሳኔ የሚወስነው እርሱ ነው። በመዳፉ ገጹን ሲዳስስ ዓይን የሳተውን ስርጉድ ያገኛል። ይህ እውቀት በጽሑፍ የማይተላለፍ፣ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ አጠገብ ለአጠገብ ቆሞ በመሥራት ብቻ የሚወረስ ነው። አንድ ክፍል ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የጭቃ ሠራተኞቹን ቢበትን፣ ያጣው መሣሪያ ሳይሆን ፈራጅ ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ፈራጅ ግን በአንድ ትውልድ ዘመን ይሠራል።

ከብራና እስከ ስክሪን

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊው አንባቢ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቤዚዬ ጥምዝ በየዕለቱ ከዓይኑ ሥር ነው። ጥምዙ ከመኪና ፋብሪካ ወጥቶ በ1984 በአዶቤ ኩባንያ «ፖስትስክሪፕት» አማካይነት ወደ ኅትመት ዓለም ገባ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚዘጋጅ የፊደል ቅርጽ የሚጻፈው በእነዚሁ ነጥቦችና ጥምዞች ነው። የግዕዝ ፊደልም በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በየስክሪኑና በየመጽሐፉ የሚታየው በዚያ የመኪና ላሜራ ለመግለጽ በተፈጠረ ስሌት ተቀርጾ ነው። የ«ሀ» ጎድጓዳነት፣ የ«ወ» ሁለት ክብ ጎኖች፣ የ«ቀ» ቀለበት ሁሉም የነጥቦች ቁጥር ሆነዋል።

ቅርጻቸው ግን ከቁጥር አልተወለደም። ቁም ጸሐፊው መቃውን በሰያፍ ቆርጦ፣ በብራና ላይ ወደ ታች ሲስብ የሚሰፋ፣ ወደ ጎን ሲስብ የሚቀጥን መስመር አወጣ። የፊደሉ ወፍራም እግርና ቀጭን አግድም የተገኘው ከጸሐፊው ምኞት ብቻ ሳይሆን ከመቃው አፍ ስፋትና ከብራናው እምቢታ ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፣ ይህ የመቃ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኅትመት ብረት ተላለፈ። ከብረት ደግሞ ወደ ስሌት ተሸጋገረ። ከሸምበቆ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ቁጥር በተደረገው ሽግግር ፊደሉ በአደራ ተጠብቋል። ይሁን እንጂ አደራውን የተቀበለ ሰው የመቃውን ሥራ ካላወቀ፣ ለምን እግሩ እንደ ወፈረ ካልገባው፣ አዲስ ፊደል ልቅረጽ ሲል የሚያወጣው ወይ የድሮውን ግልባጭ ወይም የላቲን ፊደልን ልብስ የለበሰ ግዕዝ ይሆናል። ስሌቱ የተሰጠውን ይጠብቃል፤ ያልተሰጠውን ግን ከየትም አያመጣም።

ለሥነ ጥበብና ለቴክኒክ መምህራን የሚተርፈው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የማስተማሪያ ክፍል በኮምፒዩተር መሞላቱ መልካም ነው፤ ያለ እርሱ የዛሬን ፋብሪካ ማገልገል አይቻልም። ሆኖም ተማሪው ከስክሪኑ በፊት ካርቶን ቆርጦ፣ ጭቃ ለውሶ፣ በባለሙሉ ልክ ሠርቶ፣ የሠራውን በእጁ ይዞ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ በላዩ ተቀምጦ ካልፈተነ፣ ፕሮግራሙን የሚያዝ ሰው ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚያዝዘው ሰው ይሆናል። መምህሩም ተማሪው ያቀረበው ሥዕል ማማሩን ከመመልከቱ በፊት ስንት ጊዜ እንዳፈረሰው ሊጠይቀው ይገባል። በመጀመሪያው ቀን የሚያምር ሥዕል ይዞ የመጣውን ከማሞገስ ይልቅ፣ በሦስተኛው ሳምንት አሥር የተበላሹ የካርቶን ሞዴሎች ይዞ መጥቶ እያንዳንዱ ለምን እንደ ተበላሸ ማስረዳት የሚችለውን ማበረታታት የበለጠ ፍሬ ይኖረዋል።

«ዲጂታል» የሚለው ቃል የመጣው ጣት ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ሰው መጀመሪያ የቆጠረው በጣቱ ነበርና። ቁጥሩ ከጣት ወጥቶ ሩቅ ሄዷል። ቤርቶኒ ጭቃውን በጣቱ ሲዳስስ፣ ደ ካስቴልዦም በዚያው ኩባንያ ውስጥ ነጥቦቹን በወረቀት ላይ ሲቆጥር፣ ሁለቱም የአንድን ጥምዝ እውነት ይፈልጉ ነበር። አንዱ ያገኘውን ሌላው ጠበቀው። ጠባቂው ፈላጊውን ከቤቱ ያስወጣው ዕለት ግን የሚጠብቀው አዲስ ነገር አይኖረውም።